ሚዛኑ ስንት አለ? ሉፐስ ያለባቸው ወጣቶችና የሰውነት ስብ አለካክ

መገናኛ ወይም ፒያሳ በእግሩ የተመላለሰ ሰው ሁሉ የሚዛን ልጆችን ያውቃቸዋል። መንገድ ዳር አንዲት የክብደት ሚዛን ያስቀምጣሉ፣ ከጎኗ ካርቶን ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ አላፊ አግዳሚውን "እህቴ፣ ተመዘኚ" ይላሉ። ሂሳብ ከፍለህ ትወጣለህ፣ ቁጥሩን ታያለህ፣ ትወርዳለህ፣ አለቀ። አምና ክረምት ከታናሽ እህቴ ጋር ከሐኪም ቤት ስንመለስ ከእነዚህ ሚዛኖች በአንዱ ላይ ወጣች። 58 ኪሎ። ከሦስት ወር በፊት 52 ነበረች። ልጁ ደስ ያሰኛት መስሎት "አሪፍ ነው፣ ተመችቶሻል" አላት። እሷ ግን ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስድስት ኪሎ ነው (ሰፈሩን ማለቴ አይደለም)። በፊቸር አጻጻፍ ትምህርታችን ላይ "ቁጥር ያለበት ርዕስ ምረጡና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ" ስንባል ብዙዎቹ የክፍሌ ልጆች የኑሮ ውድነትን መረጡ። እኔ ቤታችን ውስጥ ያለውን ቁጥር መረጥኩ። እህቴ 16 ዓመቷ ነው፤ ሉፐስ የሚባል በሽታ አለባት። ስሟን እንዳልጽፍ፣ ኪሎዋን ግን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የሕክምና ተማሪ እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ። የምጽፈው አንብቤ የተረዳሁትን፣ ሐኪሟን ጠይቄ ያጣራሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሉፐስና ክኒኑ

ሉፐስ የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ተኩላ ማለት ነው። የሰውነት የመከላከያ ኃይል ጠላቱን ትቶ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን ሊነካ ይችላል። አፍንጫን ተሻግሮ በሁለቱም ጉንጮች ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋው ሽፍታ የታወቀ ምልክቱ ነው፤ ሁሉም ሰው ላይ ግን አይወጣም። ከ10 ሕመምተኞች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። ከጠቅላላው ሕመምተኞች ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው የሚጀምረው ከ18 ዓመት በፊት ነው። እንዲህ በልጅነት ሲጀምር ደግሞ ኩላሊትን የመንካት ዕድሉ አዋቂዎች ላይ ከሚታየው ይበልጣል። ተላላፊ አይደለም። (ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።)

እህቴ ሁለት ዋና መድኃኒቶች ትወስዳለች። አንዱ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ሲሆን መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ "ልጄ እኮ ወባ የለባትም" ብላ ፋርማሲው ውስጥ ተከራክራለች። ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም በመገጣጠሚያ ሕመም መንቀሳቀስ ላቃታት ሴት ኮርቲሶን ሰጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስትራመድ አየ። በ1950 ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ለሉፐስ ሕመምተኞች ይህ የመድኃኒት ወገን ሕይወት አትራፊ ሆነ፤ ዛሬም ቢሆን በሽታው ሲያገረሽ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።

ዋጋው ግን ውድ ነው። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ እህቴ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ድስት ስትከፍት አግኝቻታለሁ። ሰውነት ጨውና ውሃ ይቋጥራል። ስብ ከእጅና ከእግር እየሸሸ ፊት ላይ፣ ማጅራት ላይና ሆድ ላይ ይከማቻል። ጡንቻ ይመነምናል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ቁመቱ ሊዘገይ ይችላል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ውሃ ይጨምራል፣ ስብ ይጨምራል ቦታም ይለውጣል፣ ጡንቻ ደግሞ ይቀንሳል። የመንገድ ዳሩ ሚዛን እነዚህን ሁሉ ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠናል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። "ወፈርሽ" የሚለው ቃል እንደየአፉ ይለያያል። የአክስቶቻችን "ወፈርሽ" ምርቃት ነው፤ ደህና በልተሻል፣ ደህና ተኝተሻል፣ ተመችቶሻል ማለት ነው። የክፍል ልጆች "ወፈርሽ" ሌላ ነው። እህቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ትሰማለች፣ ሁለቱም ደግሞ ስለ በሽታዋ አንድም ነገር አያውቁም። ይባስ ብሎ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ (ስሙ ይቅር) የተቀበለቻት ባለሙያ ሚዛኑን አይታ፣ ካርዷን ሳታይ፣ "እራት ተዪ" አለቻት።

የአሥሩ ቀን ስሌት

በዚያው ሰሞን ሐኪሟ ከሚዛኑ ይልቅ እግሯን አየ። አውራ ጣቱን ቅልጥሟ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ተጫነና አነሳው፤ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሽንቷ ሲመረመር ፕሮቲን ተገኘበት። በሽታው ኩላሊቷን ነክቶ ነበር። ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስና ጨው ማስወጣት ሲያቅተው ውሃው ከደም ሥር ወጥቶ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል። ለኩላሊቱ ሕክምናው ተጠናከረ፣ ውሃውን የሚያስሸና ክኒንም ታዘዘላት። በ10 ቀን ውስጥ ከ58 ወደ 54.5 ኪሎ ወረደች።

እዚህ ላይ እስክሪብቶ አንስቼ ያሰብኩትን ላሳያችሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። 3.5 ኪሎ ስብ ቢሆን ኖሮ 26,950 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ለ10 ቀን ስናካፍለው በቀን 2,695 ይደርሳል። የእህቴን ዕድሜ የሚያህሉ ልጃገረዶች በቀን የሚያስፈልጋቸው ጠቅላላ ኃይል ወደ 2,000 ገደማ ነው። ስለዚህ ለ10 ቀን ምንም እህል በአፏ ባይዞር እንኳ ያን ያህል ስብ ልታቃጥል አትችልም ነበር፤ እሷ ደግሞ በላች እንጂ አልጾመችም። የወረደው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። የሚዛኑ ልጅ "ተመችቶሻል" ያላት፣ ባለሙያዋም "እራት ተዪ" ያለቻት በአብዛኛው ስለ ውሃ ነበር ማለት ነው።

አንድ የቤልጅግ ሰው

ሐኪም ቤትም ሆነ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መለኪያ ቢ.ኤም.አይ. ነው። ክብደትን በኪሎ ወስዶ ቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ማካፈል ነው። ስሌቱን ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅጋዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1832 ነው። ሰውዬው ሐኪም አልነበረም፤ ስለ ውፍረትም አልተጨነቀም። የፈለገው "አማካይ ሰው" ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበር። ቢ.ኤም.አይ. የሚለውን ስም ያወጣለት ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ አሜሪካዊው አንሰል ኪስ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ስሌቱን የፈተኑት ከአምስት አገሮች በተውጣጡ ከ7,000 በላይ ጤነኛ ሰዎች ላይ ሲሆን ሁሉም አዋቂ ወንዶች ነበሩ። ዛሬ በዚህ ቁጥር የምንዳኛት ልጅ ሴት ናት፣ 16 ዓመቷ ነው፣ ጤነኛም አይደለችም።

ልጆችና ጎረምሶች ላይ 25 እና 30 የሚሉትን የአዋቂ መስመሮች መጠቀም ስሕተት መሆኑን ብዙ ጋዜጠኛ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሰውነታቸው ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ ቁጥሩ ከዕድሜና ከጾታ እኩዮቻቸው ጋር ነው የሚነጻጸረው። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ያወጣው ሰንጠረዥ አለ። በዚያ ሰንጠረዥ ለ16 ዓመት ልጃገረድ "ክብደቷ በዛ" የሚባልበት መስመር 24 አካባቢ ነው። የእህቴ ቁመት 1 ሜትር ከ56 ነው። በ52 ኪሎ 21.4፣ በ58 ኪሎ 23.8፣ በ54.5 ኪሎ 22.4 ይመጣል። ሦስቱም ከመስመሩ በታች ናቸው። በቢ.ኤም.አይ. ዓይን እህቴ ላይ ምንም ነገር አልሆነም። መስታወት ፊት ስትቆም ግን ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል፣ የሱሪዋ ወገብ አልዘጋ ብሏል፣ ጭኗ ደግሞ ቀጥኗል።

ጂም ቤቱ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። እህቴ ያበጠች ጊዜ "ስብ መሆኑንና አለመሆኑን እንወቅ" ብዬ ጓደኛዬ የምትሠራበት ጂም ወሰድኳት። እዚያ በባዶ እግር የሚቆሙበት፣ እጀታውን በሁለት እጅ የሚይዙት፣ የስብን መጠን በመቶኛ የሚጽፍ መሣሪያ አለ። 22 በመቶ አለ። ደስ አለን። ውሃው ወርዶ ፊቷ ሲቀል "እስቲ እንይ" ብለን ተመለስን። 26 በመቶ! ሦስት ኪሎ ተኩል ቀንሳ ስቧ ጨመረ። እህቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሬድኒሶሎኑን ትታ ለእኛ እንደወሰደች ትነግረን ነበር።

ዘጠኝ ቀን ቆየች። ፕሬድኒሶሎን ለወራት ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉ እጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት ይተዋሉ፤ ስለዚህ በድንገት ማቆም ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፣ ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ እያወረደው ነው የሚቀነሰው። በዘጠነኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃታት፣ አስታወካት፣ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ታመመ። ሌሊት በላዳ ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ከዚያ የወጣችው ከሸሸችው መጠን በሚበልጥ ፕሬድኒሶሎን ነው። ወረቀቱን ከኪሷ ያገኘሁት ልብሷን ሳጥብ ነው፤ "26" የሚለው በእስክሪብቶ ተከቧል።

ታዲያ መሣሪያው ዋሸ? ይህን ለማወቅ አሠራሩን ማንበብ ነበረብኝ። መሣሪያው ስብ አያይም። በእግር ወይም በእጅ በኩል የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ ይልክና ሰውነት ምን ያህል እንደተቃወመው ይለካል። ውሃና ጨው ያለበት አካል፣ ለምሳሌ ጡንቻ፣ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስብ ይቃወማል። ከተቃውሞው የውሃውን መጠን ይገምታል። ቀጥሎ "ከስብ ውጪ ያለው አካል 73 በመቶው ውሃ ነው" በሚል ግምት ስብ ያልሆነውን ያሰላል። የቀረውን ከክብደት ቀንሶ "ስብ ነው" ይላል። ስለዚህ ስብ የሚባለው ቁጥር ተለክቶ ሳይሆን ተቀንሶ የሚገኝ ትራፊ ነው። 73 በመቶ የሚለው ለጤነኛ ሰው ልክ ነው፤ ላበጠ ሰው አይሠራም።

በቁጥር እንየው። እህቴ ባላበጠችበት ጊዜ 54.5 ኪሎ ናት፤ ከዚህ 14 ኪሎው ስብ፣ 40.5 ኪሎው ሌላው አካል ነው እንበል። ውሃዋ 29.6 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ስቧ 25.7 በመቶ። አሁን 3.5 ሊትር ውሃ ጨምሩባት። 58 ኪሎ ሆነች፣ ውሃዋ 33.1። መሣሪያው ይህን ለ0.73 ያካፍልና "ስብ ያልሆነው 45.3 ኪሎ ነው" ይላል። የቀረው 12.7 ኪሎ ስብ ነው፣ 21.9 በመቶ። ተመልከቱ፣ ስቧ ያው 14 ኪሎ ነው፤ ከ58 ኪሎ ላይ ትክክለኛው 24.1 በመቶ መሆን ነበረበት። መሣሪያው ግን የተቋጠረውን ውሃ ጡንቻ አድርጎ ቆጠረው። በሽታው ሲብስባት "ቀጠነች" አላት፣ ሲሻላት "ወፈረች" አላት። 14 ኪሎ የሚለውን እኔ ለማስረጃ የያዝኩት ግምት ነው፤ ውጤቱ ግን ኪሷ ውስጥ ካገኘሁት ወረቀት ጋር ገጠመ።

ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ነው። ሰውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ወይም ዝግ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ በአየር ይዘቱን በመለካት የሰውነትን እፍግታ የሚያሰሉ ዘዴዎች አሉ። ስብ ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ሊትር ስብ 0.9 ኪሎ ነው፣ ሌላው አካል በሊትር 1.1 ኪሎ ገደማ። ዊልያም ሲሪ የተባለው ተመራማሪ በ1961 ያወጣው ስሌት በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ 495ን ለእፍግታው ማካፈል፣ ከዚያ 450 መቀነስ። በዚህ ስሌት ያችኑ ያበጠች ልጅ ብናስገባት 27 በመቶ ይወጣል። ውሃ ከጡንቻ ስለሚቀል የተጨመረው ውሃ እንደ ስብ ተቆጠረባት። አንድ ልጅ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰውነት፦ በኤሌክትሪኩ 22፣ በእፍግታው 27፣ እውነቱ 24። ጋዜጣ ላይ "የሰውነቷ ስብ ይህን ያህል በመቶ ነው" ብሎ የሚጽፍ ሰው ከእነዚህ የትኛውን ይዞ ይሆን?

ዴክሳ፣ ካሊፐርና ሜትር

ጥናቶች ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ዴክሳ ነው። የአጥንትን ጥንካሬ ለማወቅ የተሠራ መሣሪያ ነው። ሕመምተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ትተኛለች፣ ሁለት ዓይነት ኃይል ያላቸው የኤክስሬይ ጨረሮች ያልፉባታል። አጥንት፣ ስብና ሌላው ለስላሳ አካል ሁለቱን ጨረሮች በተለያየ መጠን ስለሚያስቀሩ ሦስቱን ለይቶ ያሳያል። የጨረሩ መጠን አነስተኛ ነው፣ ከደረት ራጅም ያንሳል። ትልቁ ጥቅሙ ስቡ የት እንዳለ መንገሩ ነው፦ እጅ ላይ፣ እግር ላይ፣ ሆድ ላይ ለየብቻ። ስቴሮይድ የሚወስድ ወጣት ላይ ጥያቄው "ስንት ስብ" ከሚለው ይልቅ "የት" የሚለው ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስቴሮይድ አጥንት ስለሚያሳሳም በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል። ግን እሱም ቢሆን ጉድለት አለበት። የተቋጠረን ውሃ ከጡንቻ ጋር ደምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ጡንቻዋ የመነመነ ልጅ ካበጠች ጡንቻዋ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ቁመቷ የዘገየ ልጅ አጥንትም ከዕድሜ እኩዮቿ ጋር ብቻ ሲነጻጸር ከመጠን በላይ የሳሳ ይመስላል፤ በቁመት መታረም አለበት።

ካሊፐር በሁለት ጣት የተያዘን የቆዳ እጥፋት ውፍረት በሚሊሜትር የሚለካ መቆንጠጫ ነው። ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም። የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ከክንድ ኋላ፣ ከትከሻ አጥንት በታችና ከወገብ በላይ ነው። እህቴን የመሰለች ልጅ ላይ ክንድ ብቻ ቢለካ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ክንዷ ቀጥኗል፣ ስቡ ሆዷ ላይ ሄዷል። "ደህና ናት" ይላል።

በነገራችን ላይ እኛ አገር የክንድ መለኪያ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ክንድ የሚለኩባት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያላት ሪባን አለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው። ድርቅ ሲኖር በቴሌቪዥን እናያታለን። ሰውነትን ስንለካ የለመድነው ጉድለትን ነው። ብዛትን፣ ይልቁንም የቦታ ለውጥን፣ ስለመለካት ግን ብዙ አልተጻፈም።

የቀረችው የልብስ ሰፊ ሜትር ናት። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ማለፍ የለበትም የሚል ቀላል መመሪያ አለ፣ ለልጆችም ለአዋቂዎችም ይሠራበታል። ውሃው ከወረደ በኋላ የእህቴን ወገብ ለካሁት፦ 80 ሴንቲ። ቁመቷ 156፣ ግማሹ 78። አለፈች። ቢ.ኤም.አይ. 22.4 ብሎ "ምንም የለም" ያላትን ልጅ የአንድ ልብስ ሰፊ ሜትር አገኛት። ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ውሃ ካለ ሜትርም ይሳሳታል። ደግሞ ከመታመሟ በፊት ወገቧን ማንም ስላልለካው ምን ያህል እንደጨመረ አናውቅም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለምን ይለካል ታዲያ?

እህቴ ራሷ የጠየቀችኝ ነው። "ካልተሻለኝ ስቤ ምን ያደርግላቸዋል?" አለችኝ። የቶሮንቶው ሐኪም መሪ ዩሮዊትዝና ባልደረቦቹ በ1976 አንድ ነገር አስተውለው ነበር። የሉፐስ ሕመምተኞች የሚሞቱበት ጊዜ ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ላይ በራሱ በበሽታውና በኢንፌክሽን፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ሥር በመዘጋት። በ1997 ሱዛን ማንዚና ባልደረቦቿ በፒትስበርግ 498 ሉፐስ ያለባቸውን ሴቶች ፍራሚንግሃም ከሚባለው የታወቀ ጥናት ሴቶች ጋር አነጻጸሩ። ከ35 እስከ 44 ዓመት ባሉት ላይ የልብ ደም ሥር መዘጋት ከ50 ጊዜ በላይ በልጦ ተገኘ። ሃምሳ ጊዜ! አርታዒ ብሆን "ፊደል ተሳስቶ ነው" ብዬ እመልሰው ነበር።

ለወጣቶቹ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጓል። በሰሜን አሜሪካ 21 ማዕከላት 221 ልጆችና ወጣቶች አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒት ወይም ባዶ ክኒን ለሦስት ዓመት ወሰዱ፤ የአንገት ደም ሥራቸው ግድግዳ መወፈሩ እየተለካ። ውጤቱ በ2012 ሲታተም መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲሰጥ የሚያበቃ ልዩነት አልታየም። ክኒን ብቻውን መልስ ካልሆነ ሊለወጡ የሚችሉትን ነገሮች መከታተል ይቀራል፦ የደም ግፊት፣ የስቴሮይዱን መጠን በተቻለ ፍጥነት ማውረድ፣ የሆድ ስብ። የሆድ ስብ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም፤ ብግነትን የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ለዚህ ነው የሚለካው። ለሱሪ አይደለም።

ስለ ዜናው

የእኛ ሙያ እዚህ ውስጥ የት አለ? ሴሌና ጎሜዝን የማያውቅ የካምፓስ ልጅ የለም። ሉፐስ እንዳለባት በ2015 ለሕዝብ ተናገረች፤ በ2017 ኩላሊት እንደተተከለላት አሳወቀች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስለ ሰውነቷ ስንት ርዕስ ተጻፈ! በየካቲት 2023 በቀጥታ ቪዲዮ ላይ ወጥታ መድኃኒቱን ስትወስድ ሰውነቷ ውሃ እንደሚቋጥርና ስታቆም እንደሚቀንስ ራሷ ማስረዳት ነበረባት። ፎቶ አይቶ "ወፈረች" ብሎ ርዕስ ያወጣ ጋዜጠኛ ከሚዛኑ ልጅ በምን ይሻላል? የሚዛኑ ልጅ ቢያንስ ሚዛን አለው።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር መምህራችን የጠየቁን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነበር። አሁን የሰውነት ቁጥር ያለበት ዜና ሳነብ የምጽፋቸው ጥያቄዎች አሉኝ፦ በምን ተለካ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ሰውዬው በዚያ ቀን አብጦ ነበር ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ መማሪያ መጽሐፍ ላይ የለችም፤ 3.5 ሊትር ውሃ ነው ያስተማረኝ።

እህቴ አሁን ደብተር ይዛለች። በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ትመዘናለች። መስመሮቹ አራት ናቸው፦ ኪሎ፣ ወገብ፣ አውራ ጣት፣ ክኒን። "አውራ ጣት" የምትለው ቅልጥሟን ተጭና ጉድጓድ መቅረቱንና አለመቅረቱን ነው። ሐኪሟ ይህን ሲያይ ከካርዷ በፊት ደብተሯን መጠየቅ ጀመረ። ባለፈው እሁድ 55.2፣ 79፣ "የለም"፣ "ወስጃለሁ" ይላል። የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ደግሞ ከጥር ጀምሮ ሁለት ጊዜ ወርዷል።